ዘመድ ጥየቃ ወደ ስዊድን፣ በብርዱ ወራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እህቴ ስቶክሆልም ከገባች ዓመታት ተቆጠሩ። ሁለቴ ሄጄ ጠይቄያታለሁ፤ አንዴ በታኅሣሥ፣ አንዴ በየካቲት መጨረሻ። ከተመለስኩ ወዲህ "እኔም ልሄድ ነው" ያለኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ያንኑ ነው። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል አልኩ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። እዚህ "ክረምት" ስል የሐምሌን ዝናብና ጭቃ ማለቴ አይደለም። የእነሱ ክረምት የሚገባው እኛ ጋ በጋው ሲገባ ነው።

መቼ ብሄድ ይሻላል?

ከየካቲት አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ። እኔን ከጠየቃችሁ መልሱ ይኸው ነው።

ብዙ ሰው የሚሄደው ግን በፈረንጆቹ ገና ነው፤ ዘመዶቹ ያኔ እረፍት ላይ ስለሆኑ። ይገባኛል። ችግሩ ስቶክሆልም በታኅሣሥ ጨለማ ናት። ቀኑ በጣም በሚያጥርበት ሰሞን ፀሐይ በእኛ አነጋገር ጠዋት 2:45 ገደማ ትወጣና ከሰዓት 9 ሳይሞላ ትጠልቃለች። "ትወጣለች" ያልኩትም ለወጉ ነው። ከፎቆቹ ጣሪያ ብዙም ሳትርቅ ትመለሳለች፤ ደመና ካለ ጭራሽ አትታይም። በረዶውም ለገና ይደርሳል ብላችሁ አትተማመኑ። እኔ በሄድኩበት ታኅሣሥ ሁለት ቀን ጣለ፣ በሦስተኛው ዝናብ ጠርጎት ሄደ።

በየካቲት መጨረሻ ቀኑ ከ10 ሰዓት በላይ ይረዝማል። ወደ ሰሜን ከሄዳችሁ በረዶው እስከ ጉልበት ነው፣ ሌሊቱም በሰሜን ለሚታየው አረንጓዴ የሰማይ ብርሃን ገና በቂ ጨለማ አለው። በዚያ ላይ የስቶክሆልም ተማሪዎች "ስፖርትሎቭ" የሚሉት የአንድ ሳምንት እረፍት በፈረንጆቹ የካቲት መጨረሻ አካባቢ ይውላል። ልጆች ያሉት ዘመድ ካላችሁ ያኔ ፈቃድ ለመውሰድ ይመቸዋል። በዚያው ሳምንት የባቡርና የማረፊያ ዋጋ ሽቅብ እንደሚወጣ ግን ዕወቁ።

ቪዛው ምን ይፈልጋል?

የምታመለክቱት ለሼንገን (የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ) የአጭር ጊዜ ቪዛ ነው። በ180 ቀናት ውስጥ ቢበዛ 90 ቀን ያስቀምጣል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ከ6 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት በነፃ ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ግዴታ ነው።

ጋባዣችሁ ስዊድን ሆኖ የሚሞላው የግብዣ ቅጽ አለ። ከሱ ጋር ከግብር መሥሪያ ቤቱ "ፐርሹንቤቪስ" የሚባለውን የነዋሪነት ማስረጃ አውጥቶ ይልክላችኋል። ለቆይታችሁ የሚሆን ገንዘብ እንዳላችሁም ታሳያላችሁ፤ የስዊድን መለኪያ በቀን 450 ክሮና ነው። ማደሪያና ምግብ በዘመድ ከሆነ ይህ ግብዣው ላይ ይጻፍ።

ዋናው ፈተና ግን ገንዘቡ አይመስለኝም። "ይሄ ሰው ይመለሳል ወይ?" የሚለው ነው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ከፈቃድ ቀናት ጋር፣ የባንክ እንቅስቃሴ፣ ንግድ ፈቃድ፣ የቤት ካርታ፣ የጋብቻና የልጆች ማስረጃ፣ ያላችሁን አቅርቡ። ባንክ ውስጥ በአንድ ቀን ድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ ከጥቅሙ ጥርጣሬው ያመዝናል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን ቪዛ ላይ ጥብቅ ውሳኔ አሳልፏል። በዚያ ውሳኔ መደበኛው የ15 ቀን መጠበቂያ 45 ቀን ሆነ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም ቀረ። ስለዚህ ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት አመልክቱ። ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማመልከት ይቻላል። ቪዛችሁ የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ "ለንደን ያለችውን አክስቴንም ብቅ ብዬ ልያት" ማለት አይሠራም፤ ከሼንገን ከወጣችሁ መመለሻ የለም። ኦስሎ፣ ኮፐንሃገንና ሄልሲንኪ ግን ሼንገን ውስጥ ስለሆኑ ችግር የለውም።

ከተከለከላችሁ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጣችኋል። የስዊድን ውሳኔ ከሆነ፣ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል። ተናዳችሁ ወረቀቱን አትጣሉት።

ሻንጣዬ ውስጥ ምን ልያዝ? ቂቤስ?

ቂቤ አይገባም። እንዳትሞክሩት።

ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት አይፈቀድለትም። ቂቤ፣ አይብ፣ ቋንጣ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ነው። እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ እናቴ ያነጠረችውን ሁለት ኪሎ ቂቤ በሦስት ፌስታል ጠቅልዬ ሄድኩ። ፍተሻ ላይ ሰውዬው ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ። ፊቱ አልተቆጣም። እንዲያውም የወደደው መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ ሰማያዊ በርሜል ውስጥ ከተተው። እህቴ ይህን ስነግራት ከኔ መምጣት ይልቅ ለቂቤው አለቀሰች ብል ማጋነን አይሆንም።

መላው ቀላል ነው። ቅመሙን ይዛችሁ ሂዱ፣ ቂቤው እዛ ይነጠራል። የስዊድን ቂቤ ጥሩ ነው። ኮረሪማ፣ አብሽ፣ የደረቀ ኮሰረትና በሶብላ በደንብ አሽጋችሁ ያዙ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ ችግር የለባቸውም። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። ቡናውን ቆልታችሁ ውሰዱት። እርጥብ ቃሪያ፣ ጤና አዳምና ፍራፍሬ ግን የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት ይጠየቅባቸዋል፤ ተዉት።

ጫት ስዊድን ውስጥ ከ1989 ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) የተከለከለ ዕፅ ነው። "ለጋሼ ትንሽ አድርስልኝ" የሚል ሰው ቢመጣ ምንም ያህል የቅርብ ቢሆን እምቢ በሉ። በጠቅላላው ያልከፈታችሁትን የሰው ዕቃ አትያዙ።

እንጀራ ልሸከም ወይ ለሚለው፦ ለናፍቆት ያህል ጥቂት ውሰዱ። ስቶክሆልም ውስጥ ሪንከቢ፣ ቴንስታ፣ ሺስታ ወደሚባሉት ሰፈሮች ብቅ ካላችሁ የሐበሻና የሶማሌ ሱቆች አሉ፤ እንጀራም አይጠፋም። የእናት እጅ ያለበት ግን ሌላ ነው። እሱን ለማስረዳት አልሞክርም።

ምን ልልበስ? መርካቶ ወፍራም ካፖርት ልግዛ?

አትግዙ። ይሄን ስል የሚቀየመኝ ነጋዴ እንዳለ አውቃለሁ። መርካቶ የሚሸጠው ካፖርት ሲያዩት ወፍራም ነው፤ የስቶክሆልምን እርጥብ ነፋስ ግን አይመክትም። ዘመዶቻችሁ ምድር ቤት ውስጥ ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል አላቸው። እሱ ውስጥ ያረጁ ጃኬቶች፣ ቦት ጫማዎች፣ ልጆቹ ያደጉባቸው ነገሮች ተከምረዋል። ቁመታችሁንና የጫማ ቁጥራችሁን ቀድማችሁ ላኩላቸው። ከጠፋም የሰልባጅ ሱቆቻቸው ንጹሕና ርካሽ ናቸው፤ ማንም እዚያ መግዛትን እንደ ነውር አያይም።

ከዚህ ይዛችሁ ብትሄዱ የሚጠቅመው ኤርፖርት በር ላይ የሚያደርሳችሁ ልብስ ነው። ሹራብ፣ ኮፍያ፣ ዝግ ጫማ።

ምስጢሩ ንብርብር ነው። ከሥጋችሁ ጋር የሚነካካው የሱፍ ሙሉ የውስጥ ልብስ ይሁን። ጥጥ አይሁን! ጥጥ ላብ ይመጥና እርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ቆም ስትሉ አጥንት ድረስ ይገባል። በላዩ ሹራብ፣ በላዩ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት። ጫማ ከቁጥራችሁ አንድ ከፍ ያለ ይሁን፤ ወፍራም ካልሲ ገብቶ ጣት የሚንቀሳቀስበት ቦታ ይተርፋል። ጠባብ ጫማ ውስጥ ሦስት ካልሲ መደረብ እግርን ማሰር ነው። ጓንት ጣት የሌለው፣ ከረጢት መሳዩ፣ ይሞቃል።

ጋቢስ? ቤት ውስጥ ንጉሥ ነው። ሶፋ ላይ፣ ባቡር ውስጥ፣ አውሮፕላን ላይ። ደጅ ግን በረዶ ሲነካው ይከብዳል።

ልጅ ያለበት ቤት ከገባችሁ አንድ ትዕይንት ታያላችሁ። የእህቴ ልጅ አራት ዓመቷ ነው። ጠዋት ከቤት ለመውጣት ሱፍ ሱሪ፣ ሹራብ፣ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚዘጋ ቱታ፣ ቦት፣ የአንገት ሙቀት፣ ኮፍያ፣ ጓንት። ዚፑ አገጯ ድረስ ክሽሽ ብሎ ወጣ። በመጨረሻ እጆቿ ወደ ጎን ተዘርግተው ቆመች። ያኔ "እማዬ፣ ሽንት" አለች።

ብርዱ ይቻላል?

ይቻላል። ስቶክሆልም በክረምት ብዙውን ጊዜ በዜሮ ዙሪያ ነው፤ አንዳንድ ቀን ከዜሮ በታች 10 ይደርሳል። እንደ ኪሩና ባለ የሰሜን ከተማ ከዜሮ በታች 20 ብርቅ አይደለም፣ 30ም ይመጣል። የሚገርመው ግን ለእኔ የከበደኝ የስቶክሆልሙ ዜሮ ነው። በረዶው ቀልጦ ግራጫ ጭቃ ሲሆን እርጥበቱ በየስፌቱ ይገባል። የሰሜኑ ደረቅ ብርድ ፊት ይቆነጥጣል፣ በአፍንጫ ሲገባ ውስጡ ያለው ፀጉር ሲደርቅ ይታወቃችኋል፣ ግን በደንብ ከለበሳችሁ ይወደዳል።

ቤቱ፣ አውቶቡሱ፣ ሱቁ፣ ሁሉ ሞቃት ነው። እንዲያውም አዲስ አበባ በኅዳር ሌሊት ቤቴ ውስጥ የሚበርደኝን ያህል እህቴ ቤት በርዶኝ አያውቅም። አየሩ ግን ይደርቃል። ከንፈርና እጅ ይሰነጠቃል፣ ቆዳ ያመድዳል። ቫዝሊን ከኪስ አይጥፋ።

ከብርዱ ይልቅ የምትፈሩት መንሸራተትን ይሁን። አማርኛችን ለስላሳ ሆኖ የሚወርደውንም፣ መሬት ላይ እንደ መስታወት የሚረጋውንም "በረዶ" ይላል። ሁለቱ ግን ጠባያቸው ለየቅል ነው። የመጀመሪያው ላይ ብትወድቁ ትስቃላችሁ። ሁለተኛው ላይ እኔ አውቶቡስ ፌርማታ ፊት ለፊት፣ ወተት እንደያዝኩ፣ በጀርባዬ ተዘረርኩ። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ እርምጃ አጭር፣ ጉልበት ላላ፣ እጅ ከኪስ ውጪ። ጫማ ላይ የሚጠለቅ ጥርስ ያለው ጎማ አለ፣ "ብሮዳር" ይሉታል። ትልልቅ ሰዎች ያለሱ አይውጡ።

ሌላው ደግሞ ከላይ የሚመጣው ነው። ጣሪያ ላይ የተከመረ በረዶ ሲቀልጥ ይናዳል። በእግረኛ መንገድ ላይ የማስጠንቀቂያ ምልክት ወይም የታጠረ ነገር ካያችሁ ዞራችሁ እለፉ። የረጋ ሐይቅ ላይም ሰው ሲሄድ አይታችሁ ብቻችሁን አትግቡ።

ካሽ ልያዝ ወይስ ካርድ?

ካርድ። ስዊድን ውስጥ ጥሬ ገንዘብ የማይቀበል ሱቅና ካፌ ብዙ ነው። በሩ ላይ ይለጠፋል። እነሱ እርስ በርስ "ስዊሽ" በሚባል የስልክ መተግበሪያ ይከፋፈላሉ፤ ያ ግን የስዊድን ባንክ ደንበኛ ለሆነ ነው። ባንካችሁ ጋ ሄዳችሁ ቪዛችሁንና ትኬታችሁን አሳይታችሁ ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ አስወጡ፣ የተወሰነ ዩሮም ያዙ። ወደ ሜትሮው ስትገቡ ያንኑ ካርድ ማስጠጋት ይበቃል፤ አንድ ትኬት 75 ደቂቃ ያገለግላል።

ዘመዶቼ ሥራ ይውላሉ። ቀኑን ምን ላድርግ?

ይሄ ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ግድግዳ ሲያይ የዋለ ሰው ብዙ ነው። እነሱ በጠዋት ይወጣሉ፣ ማታ ደክሟቸው ይመለሳሉ፤ እናንተ ጋቢ ለብሳችሁ ቴሌቪዥን ታያላችሁ። በሦስተኛው ቀን ቤቱ ይጠባል።

ስለዚህ ውጡ። ብርሃን ያለው ከረፋድ እስከ ቀትር በኋላ ስለሆነ የቀኑን ሥራ በዚያ ሰዓት አድርጉት። ሜትሮው ራሱ ሙዚየም ነው። ከ100ዎቹ ጣቢያዎች ከ90 በላይ በሚሆኑት ውስጥ የጥበብ ሥራ አለ። ማዕከላዊው ጣቢያ ሰማያዊው መስመር ላይ ነጭ ዋሻ ነው፣ ሰማያዊ ሐረግ የተሳለበት። ሶልና ሴንትሩም ላይ ደግሞ ከጭንቅላታችሁ በላይ ያለው አለት ቀይ ነው። ከብርዱ ተሸሽጎ ግማሽ ቀን ይታያል።

ከዚያ የቫሳ ሙዚየም። ቫሳ ትልቅ የጦር መርከብ ናት። በ1628 (እ.ኤ.አ.) ለመጀመሪያ ጊዜ ስትነሳ ከሁለት ኪሎ ሜትር ያነሰ ተጉዛ፣ ገና ከወደቡ ሳትወጣ፣ ሕዝብ እያየ ሰጠመች። ከላይ ከብዳ፣ ከታች ቀልላ ነበር። ከ333 ዓመት በኋላ በ1961 አወጧት። ይህን ሁሉ ዓመት ጭቃ ውስጥ ኖራ እንጨቷ ብዙውን ያው ነው። ሰዎቹ የአገራቸውን ትልቁን ውርደት ሙዚየም ሠርተውለት መግቢያ ያስከፍላሉ። ደስ ይለኛል።

የበረዶ ላይ ሸርተቴ መሞከር የሚፈልግ ኩንግስትሬድጎርደን በሚባለው መናፈሻ ጫማ ይከራያል። የቱሪስት ነገር ሲሰለቻችሁ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ግቡ። ሞቃት ነው፣ ነፃ ነው፣ ማንም "ምን ፈልገህ?" አይልም።

በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ሄልሲንኪ ወይም ቱርኩ የሚያድር መርከብ አለ። ባሕሩ ሲረጋ መርከቡ በረዶውን እየሰነጠቀ ሲሄድ ድምፁ ከታች ይሰማል።

ሰሜን ድረስ መሄድ ያዋጣል?

ያዋጣል። ስዊድን ሄዶ ስቶክሆልምን ብቻ ማየት ቦሌን አይቶ ኢትዮጵያን አየሁ እንደማለት ነው።

ከስቶክሆልም ኪሩና በባቡር ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ማታ ተሳፍራችሁ አልጋ ላይ ትተኛላችሁ፣ ጠዋት ጫካው ነጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል። አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ እኔ ግን ባቡሩን እመርጣለሁ። እኔና እህቴ ድርቆሽ ፍርፍር በምሳ ዕቃ ይዘን ነበር የተሳፈርነው። ክፍሉ ውስጥ የነበሩ ሁለት ስዊድናውያን ሽታውን ምንም አላሉም፤ አንደኛዋ ግን አፍንጫዋን ሳይሆን ማንኪያዋን አዘጋጀች።

ኪሩና ራሷ ታሪክ ናት። ከከተማዋ ሥር ትልቅ የብረት ማዕድን አለ። ማዕድኑ ወደ ከተማዋ ሥር እየገፋ ሲመጣ መሬቱ መሰነጣጠቅ ጀመረ፤ ስለዚህ ከተማዋን ወደ ምሥራቅ እያዛወሯት ነው። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. በ1912 (እ.ኤ.አ.) የተሠራውን የእንጨት ቤተ ክርስቲያናቸውን፣ 672 ቶን፣ ሳያፈርሱ ከነሕንፃው ተሽከርካሪ ላይ ጭነው 5 ኪሎ ሜትር ወሰዱት። ሁለት ቀን ፈጀ። እናቴ ይህን ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለችና "ታቦቱስ?" አለች። የሉተራን ቤተ ክርስቲያን መሆኑን አስረዳሁ። ብዙም አልረካችም።

ከኪሩና ወጣ ብላ ዩካስየርቪ የምትባል መንደር ውስጥ ከበረዶ የተሠራ ሆቴል አለ። በ1989 (እ.ኤ.አ.) ነው የተጀመረው። ከቶርኔ ወንዝ በሚቆረጥ በረዶ በየዓመቱ አዲስ ይሠራል፣ በጸደይ ይቀልጣል። ክፍሉ ውስጥ ከዜሮ በታች 5 ገደማ ነው። ማደሩ ውድ ነው፤ ቀን ትኬት ቆርጦ ማየት ግን ይቻላል። እኔ የቀኑን መረጥኩ። ገንዘብ ከፍሎ በብርድ ማደርን ቤተሰቤ አይረዳልኝም።

በፈረንጆቹ የካቲት የመጀመሪያ ሳምንት ላይ ከሆናችሁ ዮክሞክ የሚባል ከተማ ገበያ አለ። በየዓመቱ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ። ከ1605 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የነበረ ነው፤ አፄ ሱስንዮስ ገና ዘውድ ሳይጭኑ ማለት ነው። የሰሜኑ ነባር ሕዝብ የሆኑት ሳሚዎች ቆዳ፣ ቢላ፣ የእጅ ሥራ፣ የደረቀ የአጋዘን ሥጋ ያወጣሉ። ስዊድን ውስጥ አጋዘን የማርባት መብት የሳሚዎች ነው። አንድ ምክር፦ "ስንት አጋዘን አለህ?" ብላችሁ አትጠይቁ። ባንክህ ውስጥ ስንት አለህ እንደማለት ነው። የቦረና ወይም የአፋር ከብት አርቢ ወዳጅ ላለው ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም።

አረንጓዴውን የሰማይ ብርሃን አያለሁ?

ምናልባት። ማንም ዋስትና አይሰጥም፤ የሚሰጥ ካለ ሊሸጥላችሁ ነው። የሚያስፈልገው ጨለማ፣ የጠራ ሰማይና ዕድል ነው። ወቅቱ ከፈረንጆቹ መስከረም እስከ መጋቢት ማለቂያ ነው። ከኪሩና አልፎ ያለው አቢስኮ ተራሮቹ ደመናውን ስለሚያግዱለት ሰማዩ ቶሎ ቶሎ ይጠራል። ቢያንስ ሦስት ሌሊት ስጡት።

እኛ በሁለተኛው ሌሊት አየን። ከሐይቁ በላይ ደብዘዝ ያለ ግራጫ ነገር ተዘረጋ። ጭስ ነው ብዬ ነበር። እህቴ ክንዴን ያዘች። ከዚያ ጭሱ አረንጓዴ ሆነና ነፋስ እንደያዘው ነጠላ ታጠፈ፣ ተዘረጋ፣ ጫፉ ላይ ሐምራዊ ብልጭ አለ። ስልኬን አወጣሁ። 60 በመቶ የነበረው ባትሪ በብርዱ ድርግም ብሎ ጠፋ። ስለዚህ ፎቶ የለኝም። እናንተ ስልካችሁን ከውስጥ ኪስ፣ ከሰውነታችሁ ጋር ያዙት። ፎቶ ላይ የሚታየው አረንጓዴ በዓይን ከሚታየው ደማቅ መሆኑንም ቀድማችሁ ዕወቁ፤ ላለመከፋት።

በፈረንጆቹ ገና ጾም ላይ ነኝ። ምን እበላለሁ?

የእነሱ በዓል ዋዜማ፣ ዋናው ቀናቸው፣ በእኛ ታኅሣሥ 15 ላይ ነው። ጾመ ነቢያት ውስጥ ነን። ጠረጴዛው ላይ የአሳማ ሥጋና ዓሣ ይሞላል። ጭንቀት ግን የለም፤ "ቬጋን" የሚል ከተጻፈበት የጾም ነው በሉት። የአጃ ወተት፣ የጾም አይስክሬም፣ የጾም በርገር፣ ሱፐርማርኬቱ ሙሉ ነው። እኔ አዲስ አበባ እንኳ እንዲህ ተመችቶኝ ጾሜ አላውቅም። ምናልባት ጾም መባሉ ያጠራጥራል።

በታኅሣሥ ከሄዳችሁ ሉሲያን አትለፉ። ታኅሣሥ 4፣ በእነሱ 13። ጠዋት በጨለማ ልጆች ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ አንዷ በራሷ ላይ የሻማ አክሊል ደፍታ፣ እየዘመሩ ይገባሉ። ቢጫ የሳፍሮን ዳቦ ይበላል። ኅዳር ሲያልቅ ጀምሮ በየመስኮቱ የኮከብ መብራት ይሰቀላል፤ ያ ሁሉ ጨለማ በዚያ ነው የሚታለፈው።

እናቴ ትልቅ ሰው ናቸው። ልላካቸው?

አራስ ልጃቸውን ሊያርሱ የሚሄዱ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ሕፃኑ ደግሞ በጋ ይሁን ክረምት አይመርጥም። ይሂዱ። ግን ሁለት ነገር ንገሯቸው። አንደኛ፣ እዛ አገር ሕፃን በጋሪ ተሸፍኖ ደጅ በብርድ ይተኛል። የተለመደ ነው፣ ጤነኛ ነው ይላሉ። ሳይነገራቸው ካዩት ልጅ ተጣለ ብለው ይጮኻሉ። ሁለተኛ፣ ብቻቸውን የሚውሉበትን ሰዓት አስቡ። እናቴ ሁለት ወር ስትቆይ የጎዳት ብርዱ አልነበረም፤ ከጎረቤት ጋር "እንዴት አደርሽ" መባባል ማጣቱ ነው። በእሁድ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ስትጀምር ፊቷ ተመለሰ። የልጃቸውን የቤተ ክርስቲያን ጓደኞች በስልክ ቀድመው ቢያውቋቸው ጥሩ ነው።

መድኃኒታቸውን ከነማዘዣው በእጅ ሻንጣ ይያዙ። ድንገተኛ አደጋ ሲሆን 112፣ ለጤና ምክር 1177 ይደወላል። ድንበር ላይ አሻራና ፎቶ እንደሚወሰድም ንገሯቸው፤ ከጥቅምት 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የገባ አሠራር ነው። የጋባዡን አድራሻና የመመለሻ ትኬት በወረቀት ይያዙ፣ ስልክ ውስጥ አይደለም።

ሰው ቤት ስቀመጥ ምን ልጠንቀቅ?

ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ይሄ ቀላል ነው። ከባዱ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ነው። አፓርታማዎቹ ምድር ቤት የጋራ ማጠቢያ አላቸው፤ ሰው ሰዓት ይይዛል። እኔ ክፍሉ ባዶ መሆኑን አይቼ፣ የሌላ ሰው ሰዓት ላይ ልብሴን ከተትኩ። ስመለስ እርጥብ ልብሴ በሥርዓት ታጥፎ ወንበር ላይ ነበር፣ በላዩ ወረቀት። እህቴ አነበበችና ቀላች። ትርጉሙን እስካሁን አልነገረችኝም።

ቡና ስትቆሉና ዕጣን ስታጨሱ የጭስ ጠቋሚውን አስቡ። መስኮት ክፈቱ፣ ከማዕድ ቤቱ ማናፈሻ ሥር ቁሉ። ቢራ ወይም ወይን ለጋባዥ ልግዛ ካላችሁ የመንግሥቱ መጠጥ ሱቅ ቅዳሜ በእኛ 9 ሰዓት ይዘጋል፣ እሁድ አይከፈትም።

ቆይታውን በተመለከተ፣ ሦስት ሳምንት ጥሩ ነው። 90 ቀን ተፈቀደ ማለት 90 ቀን ይቀመጣል ማለት አይደለም።

ስመለስ ምን ላምጣ?

ቸኮሌት፣ ቡና ማፍያ፣ ሱፍ ካልሲ። የተዋሳችሁትን ጃኬት መልሱ፤ ለሚቀጥለው እንግዳ ነው። እነሱ በክረምት መንገዱ ላይ ሰው እንዳይንሸራተት ደቃቅ ጠጠር ይበትናሉ። አዲስ አበባ ገብቼ ጫማዬን በር ላይ ሳወልቅ ከሶሉ ስንጥቅ ውስጥ አራት ጠጠር ወደቀ። እናቴ መጥረጊያ ይዛ መጣች። ከየት እንደመጣ ስነግራት መጥረጊያውን አስቀመጠችና ለቀመቻቸው።